ፕላኔት ሕግ ብትጥስ ማን ይቀጣታል?

የፊዚክስ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚሄዱ የሚናገሩትን የኬፕለርን ሕጎች ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንደጨረስኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ፕላኔቷ ሕጉን ብትጥስ ማን ይቀጣታል?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

«ፕላኔት ሕግ አትጥስም» አልኳት። ወዲያው «ማንም የማይጥሰው ከሆነ ሕግነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። የትራፊክ ሕግ አለ፣ የኳስ ሕግ አለ፣ የሰዋስው ሕግ አለ፣ የስበት ሕግ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ናቸው? ካልሆኑስ ልዩነቱን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ነው የማስረዳው? «የተፈጥሮ ሕግ ይገልጻል፣ የሰው ሕግ ያዛል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እውነት ነው፣ ግን ልጅቷን የሚያጠግብ አይመስለኝም። እዚህ ቤት በየቀኑ ከሕግና ከደንብ ጋር የምትውሉ ሰዎች ካላችሁ፣ ከሥራችሁ ምሳሌ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

የመስመር ዳኛ

ሰላም መምህር። ቅዳሜና እሁድ የታዳጊዎችን ጨዋታ በመስመር ዳኝነት አጫውታለሁ። ስለ ቅጣት ስለተነሳ አንድ ነገር ልበል። ኳስ ውስጥ እንኳ ሕግ ሁሉ ቅጣት የለውም።

የእግር ኳስ ሕጎች 17 ናቸው። ተጫዋች ጠልፎ መጣል ጥፋት ነው፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ካርድም ሊወጣ ይችላል። ግን «ኳሱ በሙሉ መስመሩን ሲያልፍ ጎል ነው» የሚለውን ሕግ ማን ሊጥሰው ይችላል? ማንም። ያ ሕግ ባይኖር ጎል የሚባል ነገር ራሱ አይኖርም። በሁለት ቋሚዎች መሃል ያለፈ ኳስ ብቻ ነው የሚኖረው።

ጭቅጭቅ የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። ኳሱ ሣሩን የነካበት ቦታ ከመስመሩ ማዶ ሊሆን ይችላል። አጥቂው በዓይኑ አይቷል፣ ይጮሃል። የኳሱ ሆድ ግን ገና ከመስመሩ በላይ ነው፤ ከላይ ቢታይ የመስመሩን ጠርዝ ይሸፍናል። ስለዚህ ጎል አይደለም። ባንዲራዬን ሳላነሳ ስቀር ማንንም እየቀጣሁ አይደለም። ምን እንደሆነ ብቻ ነው የምናገረው።

ሌላው፣ የእኛ ሕግ ይቀየራል። በ1925 (ፈረንጆቹ እንደሚቆጥሩት) ኦፍሳይድ ተሻሻለ። ከዚያ በፊት አጥቂው ኳስ ሲሻገርለት በእሱና በጎሉ መስመር መሃል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት። ሦስቱ ወደ ሁለት ወረደ። በቀጣዩ የውድድር ዓመት በእንግሊዝ ሊግ ጎል ጎረፈ። ቡድኖችም ዝም አላሉም። የመሃል ተጫዋቹን ወደ ኋላ ስበው ከተከላካዮቹ መሃል አቆሙት። አንዲት ቁጥር ተቀየረች፣ የሜዳው አቋቋም ሁሉ ተቀየረ።

ሚዛን ፈታሽ

የመስመር ዳኛው ጥሩ በር ከፍቷል። እኔ የምሠራው የሚዛንና የግፊት መለኪያ ፍተሻ ነው። መደበኛውን ክብደት ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሚዛኑ የሚለውንና ወረቀቱ የሚለውን አስተያያለሁ። ሲለያዩ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መታረም ያለበት የቱ ነው?

መምህር፣ ለተማሪዎ የምመክራት ጥያቄም ይሄው ነው። ቅጣቱን ለጊዜው እንተወው። ሕጉና የሆነው ነገር ሲጋጩ ማን ይታረም? ሾፌር ቀይ መብራት ጥሶ ካለፈ የሚታረመው ሾፌሩ ነው፤ ሕጉ ባለበት ይቆማል። ድንጋይን ግን በሕግ አምላክ ብሎ ማቆም አይቻልም። እዚያ የሚታረመው የእኛ ዕውቀት ነው። የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ በጣም ስለምወደው ትንሽ ልርዘም።

ዩራነስ የተገኘችው በ1781 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የሥነ ፈለክ ሰዎች አንድ ችግር ገጠማቸው። በኒውተን የስበት ሕግ አስልተው «እዚህ ጋ ትሆናለች» ሲሉ፣ ዩራነስ ሌላ ቦታ ትገኛለች። ትንሽ ናት ልዩነቷ፣ ግን አልጠፋ አለች። የተማሪዎ ጥያቄ እኮ በተግባር መጣ! ፕላኔቷ ሕግ ጥሳለች።

ፈረንሳዊው ኡርባን ለ ቬርዬ ሕጉን አልነካውም። ሕጉ ትክክል ከሆነ ዩራነስን የሚስባት ሌላ ያልታየ አካል መኖር አለበት ብሎ ተነሳ። ያ አካል የት መሆን እንዳለበት በወረቀትና በእርሳስ አሰላ። ስሌቱን ወደ በርሊን ላከው። መስከረም 23 ቀን 1846 ምሽት የበርሊኑ የሥነ ፈለክ ሰው ዮሃን ጋለ ቴሌስኮፑን ወደተባለው ቦታ አዞረ። ከስሌቱ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይርቅ በካርታው ላይ የሌለ ነጥብ አገኘ። ኔፕቱን ነበረች። ሕጉ ነጻ ወጣ። የጎደለው የእኛ ዕውቀት ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ክፍል ስሙ። በ1859 ያው ለ ቬርዬ ስለ ሜርኩሪ ጻፈ። የሜርኩሪ ምሕዋር ሞላላ ነው፤ ያ ሞላላ ራሱ ደግሞ ቀስ እያለ ይዞራል። አብዛኛው ዙረት በሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ይብራራል። የማይብራራ ትንሽ ትርፍ ግን ቀረ። ዛሬ በምንጠቀምበት ቁጥር በመቶ ዓመት 43 አርክ ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሰከንድ ስለሆነ፣ ያ ትርፍ አንድ ዲግሪ እስኪሞላ ከ8,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሥራዬ ጥቃቅን ልዩነት ማሳደድ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። እንዲህ ያለች ስንጥቅ ናት ትልቁን ሕግ ያናጋችው።

ለ ቬርዬ በፊት ያዋጣውን መንገድ ደገመው። ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች፣ ያልታየች ፕላኔት አለች አለ። ስምም ወጣላት፤ ቩልካን። ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ፈለጓት፤ አየናት ያሉም ነበሩ። ቩልካን ግን የለችም። በኅዳር 1915 አይንሽታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ ሲያሰላ ያቺ 43 ቁጭ ብላ ወጣች። በዚህኛው ጊዜ መታረም የነበረበት ራሱ ሕጉ ነበር።

ልብ ይበሉ መምህር፣ ሰውዬው አንድ ነው። ሕጉ አንድ ነው። ዘዴውም አንድ ነው። አንዴ ሕጉ ዳነ፣ አንዴ ወደቀ። በ1859 ላይ ቆሞ የትኛው እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለልጅቷ እንዲህ ይበሏት፦ ፕላኔቷ ሕግ የጣሰች ሲመስል ችሎት ፊት የሚቆመው ሕጉ ነው፤ ክርክሩም ሃምሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

የጎሉን መስመር የሚመስል ነገር በእኛም ሥራ አለ። ከ1889 እስከ ግንቦት 20 ቀን 2019 ድረስ ኪሎግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ሲሊንደር ነበር። ቅጂዎቹ በየአገሩ ተሠራጭተዋል። በየጊዜው ሲመዘኑ ዋናውና ቅጂዎቹ እየተለያዩ ሄዱ፤ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 50 ማይክሮግራም። ማን ይታረም? በትርጉሙ መሠረት ዋናው ሊሳሳት አይችልም። ተቧጭሮ ቢቀንስ እንኳ አሁንም ልክ አንድ ኪሎ ነው፤ የከበደው የቀረው ዓለም ነው ማለት ነው! ለዚህ ነው በ2019 ኪሎግራም ከብረቱ ተላቆ ከፕላንክ ቋሚ ቁጥር (በተፈጥሮ ውስጥ ከማይለወጡት ቁጥሮች አንዱ ነው) ጋር የታሰረው። ፕላንክ ቋሚ በማንም ጓዳ ውስጥ ስላልተቀመጠ አይቧጨርም።

ጠርጣሪው

ይቅርታ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። የኒውተንን ሕግ የጻፈው ኒውተን ነው። ሰው ጻፈው፣ ሰው አሻሻለው። ከኦፍሳይድ በምን ይለያል?

ሚዛን ፈታሽ የጠቀሰችው ታሪክ እኮ ለእኔም ይመሰክራል። ቲቲየስ በ1766፣ ቦደ ደግሞ በ1772 የፕላኔቶችን ርቀት በአንድ የቁጥር ሰልፍ አስቀመጡ። ዩራነስ በ1781 ስትገኝ ገጠመች። በ1801 በማርስና በጁፒተር መሃል ያለችው ትንሿ ሴሬስ ስትገኝ እሷም ገጠመች። ሕግ ተባለ፣ ዛሬም «የቦደ ሕግ» ይባላል። ኔፕቱን ስትመጣ ግን በሰልፉ መሠረት ከፀሐይ የምድርን ርቀት 39 እጥፍ ገደማ መራቅ ነበረባት። የተገኘችው 30 እጥፍ ላይ ነው። ትናንት ሕግ የነበረው ዛሬ የአጋጣሚ ቁጥር ሆኗል። ሁሉም ሕግ እስኪፈርስ ድረስ የቆመ የሰው ስምምነት ነው ባይ ነኝ።

ሚዛን ፈታሽ

ጠርጣሪው፣ የቦደን ነገር ማምጣትህ ጥሩ ነው። ጽሑፉን ሰው እንደጻፈው እስማማለሁ። ሲቀየር የሚሆነውን ግን ተመልከት።

1915 እና 1925 በአሥር ዓመት ነው የሚለያዩት። በ1915 ቀመሩ ተቀየረ። ሜርኩሪ በዚያ ምክንያት አንዲት ጋት አልተንቀሳቀሰችም። ለ ቬርዬ ከመወለዱ በፊትም በዚያው መንገድ ነበር የምትሄደው። በ1925 ኦፍሳይድ ተቀየረ፤ በቀጣዩ ጨዋታ ተጫዋቾች ሌላ ቦታ ቆሙ። የስዊድንን ታሪክም አስብ። መስከረም 3 ቀን 1967፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ አገሩ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ። መኪኖች ቆሙ፣ ቀስ ብለው ጎን ቀየሩ፣ እንደገና ሄዱ። በቀኝ መንዳት ከግራ የበለጠ እውነት ሆኖ አይደለም። ሁሉም ሰው አንዱን ጎን መምረጡ ብቻ ነው ቁም ነገሩ።

የቦደ ሰልፍ የወደቀው ኔፕቱን እምቢ ስላለች ነው። የስዊድንን ደንብ እምቢ ሊል የሚችለው ሰው ብቻ ነው። የሰው እጅ በሁለቱም አለ፤ አንደኛው ግን ከሰው ውጪ መልስ የሚሰጥ አለበት።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ

ክርክሩ ደስ ይላል፤ የእኛ ግን በሁለታችሁም ውስጥ አልገባ አለኝ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። የምንኖረው በቼክሊስት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው 19 ነጥቦች አሉት። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት አንዴ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት አንዴ፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ቆም ብለን ድምፅ አውጥተን እናነባለን። የታካሚው ስም ማነው? የሚሠራው ምኑ ነው? በየትኛው ጎን? እያንዳንዳችን ስማችንንና ሥራችንን እንናገራለን፤ ለዓመታት አብረን የሠራን ሰዎች እንኳ።

አዲስ የሚመጡ ልጆች አንዳንዴ ይሰለቻቸዋል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ የሚጠየቀውን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ማወቅ አይደለም። በ1935 አንድ የቦይንግ የሙከራ አውሮፕላን በተነሳ በአፍታ ውስጥ ወድቆ ተቃጠለ። አብራሪው ልምድ ያካበተ ሰው ነበር። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መሪዎቹን በንፋስ እንዳይወዛወዙ የሚቆልፈው ነገር ሳይፈታ ነው የተነሱት። ከዚያ በኋላ ነው አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት የሚያነቡት ዝርዝር የመጣው። የእኛም ልማድ ሥሩ እዚያ ነው።

ሚዛን ፈታሽ «ማን ይታረም?» ብላለች። ጎዝ ስንቆጥር የሚሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ተቆጥሮ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሐኪሙ ከመዝጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ መዝጋቱ ይቆማል። ጎድጓዳ ሳህኑ ይታያል፣ የቆሻሻው ከረጢት ይገለበጣል፣ ወለሉ፣ ከታካሚው ሥር ያለው ጨርቅ፣ የጫማችን ሶል ሳይቀር። ካልተገኘ ራጅ ይነሳል። በዚያ ሰዓት «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ተጠያቂ ፍለጋ ከተጀመረ ሰው ቁጥሩን መደበቅ ይጀምራል። የእኛ ደንብ ፍጥረትን አይገልጽም፣ ሰውንም አይከስስም። ሁላችንም እንደምንረሳ አውቆ የተሠራ ነው።

ይታለፋል ወይ ላላችሁ፣ አዎ፣ አንዳንዴ። ደሙ እየፈሰሰ የመጣ ሰው ፊት 19ኙንም ነጥብ በእርጋታ አናነብም። የትኛው እንደሚቀርና የትኛው ጭራሽ እንደማይቀር ማወቅ ግን ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም። ያንን ከነባሮቹ አጠገብ ቆሞ ነው ሰው የሚማረው።

የፊዚክስ መምህር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። የኔፕቱንንና የቩልካንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ነገርኳቸው። ቩልካን የለችም ስላቸው የተሰማው ድምፅ ጎል የገባ ነበር የሚመስለው። ነርሷ የጻፈችውን ደግሞ ላብራቶሪ ከመግባታችን በፊት አነበብኩላቸው።

ልጅቷ ግን ሌላ አመጣች። ካርቦን 14 የሚባለው የካርቦን ዓይነት አቶሞቹ እየፈረሱ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል ብለን ተምረናል። «አንዷን አቶም ብቻ ብንይዝስ? ሕጉ እሷን ምን አድርጊ ነው የሚላት?» አለችኝ። ሚዛን ፈታሽ፣ ይሄ የአንቺ ነው መሰለኝ።

ሚዛን ፈታሽ

ይህች ልጅ የት ትደርስ ይሆን! መልሱ፣ ምንም አይላትም። አንዷ አቶም አሁኑኑ ልትፈርስ ትችላለች፣ መቶ ሺህ ዓመት ቆይታም ልትፈርስ ትችላለች። ሁለቱም ሕጉን አይጥሱም። አንድ አቶም ለብቻዋ ይህን ሕግ መጣስ አትችልም። ሊጥሰው የሚችለው ብዛቱ ነው።

በቅርብ ርቀት እንየው። በቅርቡ ሕይወት ከነበረው ነገር የተወሰደ አንድ ግራም ካርቦን ውስጥ በደቂቃ በአማካይ ወደ 14 አቶሞች ይፈርሳሉ። ቆጣሪውን አስነስቼ አንዱ ደቂቃ 11፣ ቀጣዩ 17 ቢለኝ አልደነግጥም። እንዲያውም በየደቂቃው ልክ 14 እያለ ቢቀጥል ነው ቆጣሪውን የምጠረጥረው፤ እንዲህ ያለ ነገር መዝለል አለበት። 60 ቢለኝ ደግሞ ገመዱን፣ ቀጥሎ ናሙናውን እመረምራለሁ። 22 ቢለኝስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጠጥረው። ሕጉ «ብርቅ ነው» ይለኛል እንጂ «አይሆንም» አይለኝም።

ስለዚህ «አሁንስ በዛ» የሚባልበትን መስመር ሰው ራሱ ማስመር አለበት። የቅንጣት ፊዚክስ ሰዎች አዲስ ነገር አገኘን ለማለት አምስት ሲግማ የሚባል ልክ ይጠይቃሉ፤ ሲግማ ውጤቱ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ መለኪያ ነው። ምንም አዲስ ነገር ሳይኖር በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት የመምጣት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። የሂግስ ቅንጣት በ2012 የታወጀው ያንን ልክ ሲያልፍ ነው። አምስትን ተፈጥሮ አልመረጠችልንም። ሰዎች በሦስት ሲግማ ብዙ ጊዜ ስለተታለሉ ነው ከፍ ያደረጉት። ጠርጣሪው፣ የአንተ የሰው ስምምነት እዚህ ጋ በደንብ አለ፤ በተፈጥሮ ሕግ ደጃፍ ላይ የቆመ የእኛው ደንብ ነው።

መምህር፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር ልንገርዎት። ተማሪዎቹ በሙሉ ይቁሙ፣ እያንዳንዳቸው ዳይስ ይያዙ። በየዙሩ አንዴ ይጣሉ፤ ስድስት የወጣለት ይቀመጥ። የቀሩት ይቀጥሉ። ከአራት ዙር በኋላ የቆሙት ግማሽ ገደማ ይሆናሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ያስጽፏቸው፦ አራተኛው ዙር ሲያልቅ ስንት ሰው ቆሞ ይቀራል? መጀመሪያ የሚቀመጠውስ ማነው? ከዚያ የሁለቱን ጥያቄ መልሶች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉላቸው፤ ቀሪውን ልጅቷ ራሷ ታስረዳቸዋለች።